እናቴ ከታማሚዎቹ ወገን

እናቴ ዘቢደር በአምበር ከተማ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። ገዢ ገና ጎንበስ ሲል፣ «ይኼኛው ለጋ ነው፤ ያኛው ግን ከርሟል፣ ለወጥ እንጂ ለፀጉር አይሆንም» ትላለች። ሌሎቹ ነጋዴዎች ገበያ ታበላሽብናለች ብለው ያሟታል። እውነታቸውን ነው፣ ታበላሻለች። እኔ ግን በመካከላቸው ሳልፍ ደረቴን ነፍቼ ነው።

እንዲህ ያለችው ሴት አንድ ነገር ብቻ ደብቃ ኖራለች። እኔን በወለደች ሰሞን አእምሮዋ ታወከ። ፀበል ወሰዷት፣ ከዚያም ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት አስገቧት፤ ተሻላት፤ ዛሬም መድኃኒቷን ትወስዳለች። ያኔ የምንኖረው መርጡለ ማርያም ስለነበር አምበር ላይ ይህን የሚያውቅ የለም። የደበቀችው ለራሷ ብላ አይደለም፤ ለእኔ ነው። በእኛ አገር ልጅ ሲታጭ ዘር ይጠናል። «ከቤታቸው እብድ አለ» ከተባለ ልጅቷ ቆማ ትቀራለች።

እኔን የሚፈልገኝ እንዳላማው ይባላል፤ እንደኔው አስተማሪ ነው። አባቱ አቶ ባዘዘው ሽማግሌ የሚልኩበትን ቀን ሊቆርጡ አንድ ቅዳሜ እኛ ቤት መጡ። ገና ተቀምጠው ሳይጨርሱ አንድ ወጣት ደጁን አንኳኳ። ተስፋዓለም ይባላል፤ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ተመራማሪ ነው። ቤታችን በዕጣ ወጥቶለታል።

«ሰው ከሚቀርባቸው ሰዎች ጋር እንዴት እንደሚኖር፣ ማንን እንደሚያምን እንጠይቃለን» አለ። «የአእምሮ ሕመም የታከሙትን ሰዎች መልስ ካልታከሙት ጋር እናነጻጽራለን። ብቻችንን ብንሆን ግን ይሻላል።»

ጉድ እኮ ነው! እንግዳ ከቤት ሊወጣ? ሌላ ቀን ልምጣ ቢልም እናቴ፣ «ተቀመጥ ልጄ፤ ጠይቅ» አለችው።

«በአእምሮ ሕመም ታክመው ያውቃሉ?»

«ምን ነካህ!» አሉ አቶ ባዘዘው፣ በሰው ፈንታ መመለስ ልማዳቸው ነውና። «እሳቸው ጤነኛ ናቸው። እለፈው!»

ዝም ብትል ያልፍ ነበር። ዓይኔ ዓይኗን ፈለገ።

«መልሱ የእኔ ነው» አለች። «ታክሜያለሁ። ዛሬም መድኃኒት እወስዳለሁ።»

ተስፋዓለም በዚህ ዙር የሚጠይቀው ያልታከሙትን ብቻ እንደሆነ በትሕትና ነገራት። «ታዲያ የእኔን ማን ይስማ?» አለችው። «የታመመ ሰው፣ ሰው አይወድም፣ ሰው አያምንም ተብሎ እንዳይጻፍብን።» ሐኪም ቤት ለክትትል ስትሄድ እንደሚጠይቃት ቃል ገባላት። አቶ ባዘዘው ቀን ሳይቆርጡ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ከእነሱ ቤት ድምፅ ጠፋ። እንዳላማው ሲደውል፣ «አባቴ አይናገርም» ከማለት በቀር የሚጨምረው የለም። ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ንዴቴ ገንፍሎ፣ «ምን ነበር ዝም ብትዪ?» አልኳት እናቴን።

«የከረመውን ለጋ ነው ብዬ ልሽጥልሽ?» አለችኝ። እያለቀስኩ ሳቄ መጣ።

የቀጠሮዋ ቀን በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ አብሬያት ወረድኩ። ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ አቶ ባዘዘው አንዲት ከሲታ ሴትዮ ደግፈው ተቀምጠዋል። ሲያዩን ብድግ አሉ።

«እኅቴ ደስታነሽ ናት» አሉ። «ለልጆቼ ሲባል ስንት ዘመን ጓዳ ደብቀናት ኖርን። እርስዎ ያን ዕለት በአፍዎ ሲናገሩ ራሴን ታዘብኩት። እሷን ሳላሳክም ከእርስዎ ደጅ ሽማግሌ ልልክ አፈርኩ።»

እናቴ ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ያዘች። ደስታነሽም አጥብቃ ያዘቻት።

ተስፋዓለም እናቴን ወደ ክፍሉ ሲጠራት፣ «እጄን ይዛኛለች፤ እዚሁ ጠይቀኝ» አለችው። ብቻቸውን ቢሆኑ እንደሚሻል ነገራት፤ እሷ ግን ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። እሱም አጠገቧ ተቀመጠና ጀመረ።

«ችግር ሲገጥምዎት የሚደርስልዎት ሰው አለ?»

«አለን እንጂ!» አሉ አቶ ባዘዘው ከጎን። «ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ።»

ተስፋዓለም መልሱን ከእሷ ፈልጎ እናቴን አየ። እናቴ ደግሞ እኔን አየችኝ።

«አለ ብለህ ጻፍ» አለችው። «ይኼም መልሱ የእኔ ነው።»