ጫቱ ሳይደርስ የተመረጠው መጽሐፍ

ፖሊሶች የያዙን ረፋድ ላይ ነው፤ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆመን የታሰሩ ሰዎችን ስም ስንጠራ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና ስሞቹን በቃሌ ይዤ ነው የሄድኩት። ስድስተኛው ላይ ስደርስ የአንዱ እጅ ክንዴን ያዘኝ። አልጎተተኝም። "አዬዮ፣ ይበቃል፤ ወደ መኪናው" አለኝ በሶማሊኛ። አያቴ ማለቱ ነው። የገዛ አያቱን ታክሲ ላይ እንደሚያወጣ ሰው ደግፎ አወጣኝ።

የታሰርኩባት ክፍል በቁመቷ አምስት እርምጃ፣ በወርዷ አራት ነበረች። ግድግዳዋ እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ። ከላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የወደቡ ሽታ ይገባል፤ ናፍጣና ጨው። ስለ ሙቀቱ አላወራም፤ ጅቡቲ የኖረ ያውቀዋል።

ውስጥ ሁለት ሴቶች አገኘሁ። አንደኛዋ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ሻሽ የምትሸጥ፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት ናት። ሁለተኛዋ ከድሬዳዋ ነጋዴዎች ቤተሰብ የተወለደች፣ ሃያ አራት ዓመት የሆናት ልጅ። የታሰሩትን ስም ኢንተርኔት ላይ ያወጣችው እሷ ነበረች። እኔ በአፌ የጠራሁትን እሷ በማሽን ጠርታዋለች።

ልጅቷ ምግብ አትነካም። ወደ ግድግዳው ዞራ ትቀመጥና ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ታንቀሳቅሳለች።

"አንቺ፣ ጉልበትሽ ራዲዮ ነው እንዴ?" አለቻት ሻሽ ሻጯ። "ጣቢያ ካገኘሽ ዘፈን አሰሚን።"

ልጅቷ አልሳቀችም። እኔ አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ምን ሆነሽ ነው አላልኳትም፤ እስር ቤት ያለ ሰው ምን ሆንሽ አይባልም። ሻሼን አጥፌ አራገብኩላት። ራሷ ጀመረች።

"ኮምፒውተሬን ወሰዱት፣ እማማ። ሥራ ልጀምር ነበር። አንድ አዲስ ቋንቋ ተማሪና ነይ ብለውኝ ነበር። እዚህ እጄን አጣጥፌ ከዋልኩ አእምሮዬን የምስት ይመስለኛል።"

"የምን ቋንቋ?"

"የኮምፒውተር።"

"ማነው የሚናገረው?"

"ማንም። ይጻፋል እንጂ አይነገርም።"

እኔ በአምስት ቋንቋ ኖሬያለሁ። ከአማርኛው ሌላ ሶማሊኛን ከገበያ፣ አፋርኛን ከጎረቤት፣ አረብኛን ሁለተኛ ከተቀጠርኩበት ቤት፣ ፈረንሳይኛን ሀብታሞቹ ከሚኖሩበት ከሀራሙስ ሰፈር ወጥ ቤት ለቅሜያለሁ። አፍ የሌለው ቋንቋ ግን ሰምቼ አላውቅም። ሰውነቴን ብርድ ብርድ አለኝ፤ በዚያ ሙቀት።

"ታዲያ ማሽኑ እንዴት ይገባዋል?"

"ያዘዙትን ብቻ ያደርጋል። ያላዘዙትን ከራሱ አስቦ አይጨምርም።"

ሳቄ መጣና ነገርኳቸው። ሀራሙስ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ቀን ማዳም በእጇ ጭምር እያሳየች "እስክመለስ በሩን ለማንም እንዳትከፍቺ" ብላኝ ወጣች። ባሏ ሙስዩ ከመንገድ መጣ። ደወለ፣ ተጣራ፣ ለመነ። እኔ በመስኮት ብቅ ብዬ በትህትና ሰላም አልኩት። ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲመታው ጊዜ አሳዘነኝና በፍርግርጉ ውሃ አቀበልኩት። በሩን ግን አልከፈትኩም። ማዳም እስክትመጣ ሦስት ሰዓት ተቀመጠ።

ሻሽ ሻጯ ወለሉን እየመታች ሳቀች። "የገዛ ቤቱ በር ላይ! እናቴ፣ አንቺስ መታሰር ይነስሽ?"

ልጅቷም ሳቀች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። "እማማ፣ ያን ቀን ኮምፒውተሩ እርስዎ ነበሩ! ልክ እንደዚያ ነው፤ ጥፋቱ የአዛዡ ነው።"

በማግስቱ ጠባቂው በሩን ከፈተ። መኪናው ላይ ደግፎ ያወጣኝ ያው ሰውዬ ነው። ከምግብ ሌላ፣ አለን፣ እያንዳንዳችን ከቤተሰብ አንድ ነገር መቀበል እንችላለን፤ አንድ ብቻ፣ እስክንወጣ ድረስ። ሻሽ ሻጯ ማራገቢያ አስመዘገበች። እኔ ጎረቤቴ ቅያሪ ድሪያ፣ ያን ስስ ሰፊ ቀሚስ፣ እንድታመጣልኝ አስቤ ነበር፤ የለበስኩት ቀሚስ ላብ ጠጥቶ ደርቋል። ለልጅቷ አክስቷ ያን የኮምፒውተር ቋንቋ የሚያስተምሩ ሦስት መጽሐፍ አምጥተዋል። ጠባቂው ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ ደረደራቸውና ሰዓቱን አየ።

"አንዱን ምረጪ። ጫቱ ሳይደርስ ጨርሺ።"

የጫቱ መኪና እኩለ ቀን አልፎ ጡሩምባውን እየነፋ ሲገባ ከተማው ሁሉ ሥራውን ይጥላል። ጠባቂው ቆሞም ልቡ እዚያ ነበር።

ልጅቷ ወፍራሙን አነሳች፣ አስቀመጠች። ቀጭኑን አነሳች፣ አስቀመጠች። "ከተሳሳትኩ ሌላ የለም" አለች። "እማማ፣ አልቻልኩም።"

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። "የመጀመሪያው ገጽ ምን ይላል? አንብቢና ንገሪኝ" አልኳት።

መጽሐፎቹ የፈረንሳይኛ ናቸው፤ እሷ በአማርኛ እየመለሰች ነገረችኝ። ወፍራሙ ቋንቋውን ማን እንደሠራው፣ ክፍሎቹ ምን ምን እንደሚባሉ ይዘረዝራል። ሥራ የሚጀምረው ስልሳ ገጽ አልፎ ነው። "ሁሉም ነገር ያለው ግን እዚህ ነው" አለች። እኔ አንዲት ማዳም አስታወስኩ። ወር ሙሉ የማንኪያ ዓይነት ስም አስጠናችኝ፤ በወሩ ውሃ ጠማኝ ማለት አልችልም ነበር። እዚያው ቤት የነበሩት ሽማግሌ ወጥ ሠሪ ግን በመጀመሪያው ቀን ሽንኩርት እጄ ላይ አስቀምጠው "ክተፊ" አሉኝ። አበላሸሁ። ያበላሸሁትን አሳዩኝ። ፈረንሳይኛዬ የሳቸው ነው።

"ቀጭኑስ?"

ቀጭኑ ያምራል፤ ባለ ቀለም ሥዕል አለው። ግን በየገጹ "አሁን ኮምፒውተርህን ክፈትና ይህን ጻፍ" ይላል።

"አለሽ?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው አስቀምጪው።"

ሦስተኛው ሽፋኑ የተላጠ፣ ጠርዙ ላይ ሰው በእርሳስ የሞነጫጨረበት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት መስመር ትእዛዝ ሰጥቶ ይጠይቃል፤ አንተ ማሽኑ ብትሆን ምን ታደርጋለህ? ወረቀት ላይ ጻፈው። ቀጥሎ የተበላሸ ትእዛዝ ያሳይና የቱ ጋ እንደተበላሸ ፈልግ ይላል። መልሱ ከኋላ አለ።

"ይሄ ያሠራል" አልኩ።

"ግን እማማ፣ የድሮ እትም ነው። ቋንቋው ከዚያ ወዲህ ተለውጧል።"

"ብዙ?"

"ጥቂት። መሠረቱ ያው ነው።"

"እኔ አረብኛ የተማርኩት ጥርስ ከሌላቸው አሮጊት ነው። ገበያ ስወጣ ሁሉም ሳቀብኝ፤ ግን ሁሉም ገባው።"

የተላጠውን ይዛ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። "ወረቀት ላይ ጻፍ ይላል። ወረቀት የለኝም።"

"አንድ ነገር ተብሏል" አለ ጠባቂው። "መጽሐፍ ወስደሻል።" መዝገቡን ሊዘጋ ነው። ከሩቅ የጫቱ መኪና ጡሩምባ ተሰማ።

"የኔን ጻፍ" አልኩት።

"እሺ፣ ልብስ ነው?"

"ደብተር ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። "አዬዮ፣ መጻፍ ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

"ታዲያ ደብተር ምን ያደርግልሻል?"

"አንድ ነገር ይገባሻል ያልከኝ አንተ ነህ። ምን እንደማደርግበት አልጠየቅከኝም። ደብተር ከነእስክሪብቶው።"

"ያማ ሁለት ሆነ።"

"ጫማህንስ ሁለት ብለህ ነው የምትገዛው?"

ሻሽ ሻጯ ከውስጥ ሳቀች። እሱ ከንፈሩን ነከሰ፣ ጡሩምባው የመጣበትን አቅጣጫ አየ፣ ጻፈ። ከዚያ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ከጻፈው አጠገብ አሳረፍኩ። በዚህች ምድር ላይ በስሜ የተመዘገበ የመጀመሪያ ደብተር እሱ ነው።

ያንኑ ቀሚስ አስራ ዘጠኝ ቀን ለበስኩ፤ እያጠብኩ፣ እርጥቡን መልሼ እያጠለቅኩ። ልጅቷ መብላት ጀመረች። መጽሐፉን ታነባለች፣ ደብተሩ ላይ ትጽፋለች፣ ከዚያ ማሽን ስለሌላት እኔን ታስነሳለች። "ሁለት ወደፊት። ግድግዳ ካለ ወደ ቀኝ ይዙሩ። ካልሆነ ይቀጥሉ።" እኔ ያለችውን ብቻ አደርጋለሁ። ግድግዳ በነካሁ ቁጥር ስህተቷ እዚያ ነበር፤ ትሰርዝና እንደገና ትጽፋለች። "ኧረ አሮጊቷን አትጨርሻት!" ትላለች ሻሽ ሻጯ፣ እግሯን እየሰበሰበች።

አንድ ቀን ጻፈች፣ አነበበችልኝ፣ ተነሳሁ። አይኔን ጨፍኜ ነበር። ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ ሄድኩ፣ ዞርኩ። ምንም አልነካኝም። "ይቁሙ" ስትለኝ አይኔን ገለጥኩ፤ የተነሳሁባት ምንጣፍ ላይ ቆሜያለሁ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። እኔ እዚያው ምንጣፏ ላይ ቁጭ አልኩ። ወረቀት ላይ የዋለ ሐሳብ በእኔ እግር ክፍሉን ሲዞር ነው ያየሁት። እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ስንቱን ሰጥቶታል አልኩ በልቤ።

እኔ ቀድሜ ወጣሁ፤ ልጅቷ ሁለት ወር ቆየች። ያን ሥራ ሌላ ሰው ወስዶት ጠበቃት። አሁን ሌላ ሥራ ይዛለች፤ ስትደውልልኝ ድምጿ ፈጣን ነው።

እኔ በስተርጅና ፊደል ቆጠርኩ፤ ቀስ እያልኩም ቢሆን አነባለሁ። ከተማውን ስዞር የመጽሐፍ ሱቅ ካየሁ እገባለሁ። የዚያ የኮምፒውተር ቋንቋ መጽሐፍ ካለ አስወርድና ገጹን እገልጣለሁ። ሻጩ "ይህ ይገባሻል?" ይለኛል። አይገባኝም እለዋለሁ። በእግሬ ግን ሄጄበታለሁ።