ትስስር መልእክት አያደርስም

አሶሳ ኮሌጅ ፊዚክስ ላስተምር የገባሁ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ ቁልፍ ሰጡኝና «ቤተ ሙከራው ይኸው፤ ዕቃው ይመጣል» አሉኝ። ጡረታ እስክወጣ ብዙው አልመጣም።

የነበረኝ ቴክኒሻኑ አልኑር ነው፤ የባምባሲ ሰው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ። ከብረት ቁርጥራጭ ባለ ሁለት ክንድ ፔንዱለም በየደልኝ። ለዓይን አንድ ከሚመስል ቦታ ሁለቴ ብንለቀውም አወዛወዙ ለየቅል ነበር። ኢምንት ልዩነት ውጤቱን ፈጽሞ የሚለውጥበትን ትርምስ በዚያ አሳይ ነበር። የጥቃቅን ቅንጣቶቹን፣ የኳንተሙን ትርምስና ትስስር ግን በጠመኔ ብቻ አስተማርሁ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ «የኳንተም ሕክምና» የሚል ሰው መጣ። ኮሌጁ አዳራሹን ፈቀደለት።

«የተሳሰሩ ቅንጣቶች ቢራራቁም ይሰማማሉ» አለ። «እኔም ፎቶአችሁን ይዤ፣ አዲስ አበባ ሆኜ ስኳራችሁን አወርዳለሁ።»

ማይክ ተቀብዬ ተነሣሁ። «ትስስሩ እውነት ነው፤ ግን ልክ አለው። እዚህ ያለውን ቅንጣት የፈለግኸውን ብታደርገው፣ እዚያ ያለው ሰው የራሱን ብቻ አይቶ ምንም ሊያውቅ አይችልም። መልእክት የማያደርስ ነገር እንዴት መድኃኒት ያደርሳል?»

የኮሌጁ ዲን ማይኩን አስነጠቁኝ። በኋላ ቢሮ ጠርተው «መምህር፣ እንግዳ አያዋርዱብን። ሳይንስ ክርክር ነው» አሉኝ።

«ይህ ክርክር አይደለም ዶክተር። ሕዝቡ የሚያምነው ሰውዬውን ሳይሆን የእኛን አዳራሽ ነው» አልኋቸው። ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ።

አልኑር የስኳር ሕመም እንዳለበት አውቅ ነበር። ለሰውዬው ፎቶውን እንደሰጠ ግን አላወቅሁም። ለእረፍት ባምባሲ ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር ደወልሁ። ባለቤቱ ሐዋ አነሣች።

«ኢንሱሊኑን ትቷል። ሰውዬው ከሩቅ ያክመኛል ይላል። አሁን መተንፈስ ከብዶታል» አለችኝ።

«አሁኑኑ መኪና ፈልጊ፤ አሶሳ ሆስፒታል በር እጠብቃችኋለሁ» አልኋት። ሲደርስ ራሱን አያውቅም ነበር። ሐኪሞቹ አተረፉት።

ሲነቃ «ምነው ሳትጠይቀኝ?» አልሁት።

«መምህር፣ አንተ ተናገርክ፤ ማይክ ቀሙህ። እኔ ማይኩ የቀረለት ሰው እውነት የተናገረ መሰለኝ።»

በንዴት ዲኑ ዘንድ ሄድሁ። በዚያው አዳራሽ ስህተቱን እንዲያርሙ ጠየቅሁ። «ኮሌጁ የሕክምና ምክር አልሰጠም» አሉኝ። እስከ ዛሬ አላረሙም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

አልኑር ካገገመ በኋላ በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ፊት እየቆመ የሆነውን ተናገረ። እኔ ከጎኑ ትስስር መልእክት እንደማያደርስ የሚያሳየውን ስሌት ጻፍሁ።

ለምትተኩን መምህራን፦ ስለ ኳንተም ትስስር ስታስተምሩ ድንቁን ብቻ ተናግራችሁ አትውጡ። የማይችለውንም በዚያው ክፍለ ጊዜ ተናገሩ።