የዘሃራ ሰሌዳ፣ የአባቴ በር

ጥጥ ሽታ የለውም የሚል ሰው እኛ ቤት አላደገም። ባለፈው ማክሰኞ ፍኖተ ሰላም፣ የምሠራበት የእህል መጋዘን ፊት ለፊት፣ የአንድ የፈረስ ጋሪ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገባና የጫነው ጆንያ ተቀዶ ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ሰው ሳቀ፤ ከኋላ ያለው ባጃጅ ክላክሱን አጮኸ፤ እኔ ግን ያን የአቧራና የፍሬ ዘይት የተቀላቀለበት፣ ጉሮሮን የሚያሳክክ ሽታ ስስብ ተናደድኩ። ተናደድኩ ነው የምለው፤ ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። እህቴ ዘሃራ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል። በሁለቱ ወር ውስጥ አላለቀስኩም፤ ሰው ሲያጽናናኝም የምመልሰው ክፉ ክፉውን ነው። ባለ ጋሪው «ወንድሜ፣ እስቲ አንዴ አግዘኝ» ሲለኝ «የራስህን ጥጥ ራስህ ልቀም» ብዬው ገባሁ። ገብቼም ሥራ አልሠራሁም፤ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ቡሬ ያለው ቤታችን መጣብኝ።

ቤታችን አንድ ክፍል ነበር። አንድ ክፍል ሲባል ሰው ቢያንስ መጋረጃ ያለው ይመስለዋል፤ አልነበረውም። አባቴ ሸማኔ ነው። እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ወለሉ ላይ ተቆፍሮ፣ በላዩ የሸማ ዕቃው ተተክሎ የቤቱን ግማሽ ይዟል። በቀረው ግማሽ እናቴ ከጥጧና ከእንዝርቷ ጋር፣ እኛ አራት ልጆች ከፍራሻችን ጋር፣ ድመቷ ደግሞ ደስ ባላት ቦታ እንኖራለን። ትምህርት ቤት ክፍት ሳለ ይህ አልከበደንም። ጠዋት እኛ ስንወጣ ቤቱ የክር ይሆናል፤ ስንመለስ ክሩ ይሰበሰብና የእኛ ይሆናል። ያን ዓመት ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ክሩም እኛም ባንድ ሰዓት እቤት ዋልን። ያኔ ነው ጠቡ የጀመረው።

ዘሃራ የሁላችን ታላቅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። የመልቀቂያ ፈተናዋ ላልታወቀ ጊዜ ተላልፏል ተባለ። መምህርት ልትሆን ነበር የምትፈልገው፤ ፈተናው እስኪጠራ ታዲያ ባዶ እጇን መቀመጥ አልሆነላትም። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ፋጡማ ዘጠኝ፣ ኑሩ ሰባት። እኛን ልታስተምር ተነሣች። የጭቃው ግድግዳ ጠመኔ አይቀበልም፤ እቤታችን ውስጥ ለጥ ያለ ነገር ቢኖር የበሩ ጣውላ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን አባቴ ገበያ ሲወጣ፣ ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ሰብራ፣ ከሰሉን ወቅጣ በውኃ በጥብጣ፣ የበሩን የውስጥ ገጽ ከላይ እስከ ታች አጠቆረችው። ለጠመኔ ደግሞ ገና እየተሠራ ካለ ፎቅ ሥር የወደቀ የጀሶ ስባሪ ለቅማለች።

አባቴ ሲመለስ እጁ ላይ የያዘውን ሳያስቀምጥ በሩን አየው።

«ይኼን በር ማን አከሰለው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ። ሰሌዳ ነው» አለችው።

«እኔ የገዛሁት በር ነበር።»

«ሲከፍቱት አሁንም በር ነው።»

ጥቁረቱ አልነበረም ችግሩ። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ሲከፈት ሰሌዳው ከግድግዳው ጋር ይጣበቅና አይታይም፤ ሲዘጋ ሰሌዳው ይታያል፣ የአባቴ ብርሃን ግን ይጠፋል። መስኮታችን አንድ ሰው ጭንቅላቱን ብቻ የሚያወጣባት ናት። መብራት አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ሲመጣም አባቴ አያምነውም። የአምፖል ብርሃን ነጭ ክር ላይ ይዋሻል ይላል። እና ሁለቱ በበሩ ተጨቃጨቁ፤ እሱ ይከፍታል፣ እሷ ትዘጋለች፣ ማጠፊያው ይጮኻል። በመጨረሻ እናቴ እንዝርቷን ጥላ ተነሣች።

«ኧረ በአላህ! ጎረቤት ሰብስቡበታ! እስከ አራት ሰዓት ይዘጋ፣ ከአራት በኋላ ይከፈት፤ በቃ!»

አባቴ በሸማው መሃል ክር የሚያመላልስበትን መወርወሪያ ወደ ዘሃራ ቀሰረ። «እስከ ፈተናሽ ይሁን። ግን አንዲት ሸማ በእናንተ ጫጫታ ትበላሽብኝና፣ በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ነሽ። አክስትሽ ለሻይ ቤቷ ሰው ትፈልጋለች።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። አክስታችን ሻይ ቤት የገባች ልጅ ብርጭቆ እንጂ ደብተር ይዛ አታውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴና ዘሃራ በቀጥታ መነጋገር ተዉ። አባቴ የሚናገረው ለድመቷ ነው። «ምነው አንቺ፣ መምህርቷ ዛሬ አራት ሰዓት የሚባል ነገር አልሰማችም?» ይላታል። ዘሃራ ደግሞ ለኑሩ ታስረዳለች። «ሰዓት ማለት ኑሩዬ፣ ደቂቃዎቹ ሳያልቁ አይሞላም። የቸኮለ ሰው ቢኖርም አይሞላም።» ኑሩ ለሁለቱም ራሱን ይነቀንቃል። እናቴ ደግሞ በራሷ መንገድ ትዋጋለች፤ ጆሯችን ትምህርት ከሰማ እጃችን ለምን ሥራ ይፈታል ብላ ለየራሳችን ጥጥ ትቆልልልናለች። ፍሬውን እያወጣን እንማራለን። ብናኙ ደብተራችን ላይ ያርፋል፣ ፋጡማ ታስነጥሳለች፣ የጻፍነው ፊደል ጠጉር ያበቅላል። ዘሃራ ጥጡን በእግሯ ገፍታ «እስክሪብቶ ያዙ!» ትላለች፤ እናቴ መልሳ ትገፋዋለች። አንዳንዴ ዘሃራ ተሸንፋ ፍሬውን መደመሪያና መቀነሻ ታደርገዋለች፤ ኑሩ መቁጠር የተማረው በጥጥ ፍሬ ነው። አባቴ አንድ ጊዜ ይህን አይቶ ፈገግ ሲል ደርሼበታለሁ። ወዲያው አጠፋው።

ደግ መምህር አልነበረችም። ሰው ሲሞት ደግ ያደርጉታል፤ እኔ አላደርግም። ምላሷ ስለት ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ የሰባትን ማባዣ እንደማላውቅ ስትደርስበት ከፋጡማ ጋር አንድ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ከሦስተኛ ክፍል ልጅ ጋር። ፋጡማ «ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት» ስትል እኔ አፌን እከፍትና እዘጋለሁ። አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

«ተወው ጀማል» አለችኝ። «ያንተ እጅ ቀሰም ለማጠንጠን ነው የተሠራው። ዕድሜህን ሙሉ ክር ስትጠቀልል ትኖራለህ።»

ቀሰም ማለት የማጉ ክር የሚጠነጠንባት የሸምበቆ ቁራጭ ናት፤ መወርወሪያው ሆድ ውስጥ ትገባለች። አባቴ በልጅነቱ የጀመረው በሷ ነው። የሸማ ዕቃው ድምፅ ቆመ። እናቴ ቀና አለች። ዘሃራ የተናገረችው ለእኔ ነው፤ የተመታነው ግን ሁለት ነን። አባቴ ምንም አላለም፣ ለድመቷም እንኳ። ሌሊቱን ሙሉ፣ እንዴት ልበል፣ የማባዣው ሠንጠረዥ በጭንቅላቴ ሲዞር አደረ። በንዴት ተማርኩት። ጠዋት ስነሣ አንድም ሳልስት አውቀው ነበር።

ለሷ ግን አልነገርኳትም።

ከሁለት ቀን በኋላ አባቴ ድር፣ ማለትም የሸማውን የቁመት ክር፣ ማድራት ጀመረ። አንዲት የታወቀች ደንበኛ ለአማቿ ጋቢ አዝዛለች፤ ጋቢው ከሁለት ረጃጅም ሸማ ጎን ለጎን ይሰፋል። አንደኛው አልቋል፤ ይኼ ሁለተኛው ነው። በበጋ ድሩን የሚያደራው ግቢ ውስጥ ነው። ክረምት ስለሆነ ችካሎቹን ግድግዳው ላይ መትቶ፣ ክሩን ከአንዱ ወደ አንዱ እያመላለሰ፣ በመካከላችን እየተራመደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። የክሩ ቁጥር ከጎደለ ሸማው ይጠባል። ስለዚህ ዘሃራ ራሷ ሕግ አውጥታለች፤ ድር ሲደራ መጻፍ እንጂ ድምፅ የለም። ያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ሰሌዳው ላይ የሰባት ማባዣ መልሱ ባዶ ሆኖ ተጽፏል። ሁላችንም አቀርቅረናል። አባቴ አጠገቤ ሲደርስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ብድግ አልኩና በሙሉ ድምፄ ጮህኩ።

«ሰባት ጊዜ ስድስት ሠላሳ ዘጠኝ! ሰባት ጊዜ ሰባት ሃምሳ አንድ! ሰባት ጊዜ ስምንት ስድሳ ሦስት!»

ዘሃራ በመዳፏ አፌን ከደነችው። አባቴ ክሩን እንደያዘ ቆመ። ጣራውን አየ፣ ክሩን አየ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቆጠራውን ቀጠለ። ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ እንደምትባረር አውቄ ነው።

ሸማው አልቆ ደንበኛዋ ስትመጣ እናቴ ሁለቱን ጎን ለጎን ፍራሹ ላይ ዘረጋቻቸው። አዲሱ ከፊተኛው አራት ጣት ይጠባል። ሴትዮዋ አራቱን ጣቷን አጋድማ ለካችው፤ ደግማ ለካችው። «አይ፣ አንተ እኮ እንዲህ አታውቅም ነበር» አለችው አባቴን። ሳትወስደው ሄደች። አባቴ ከበሩ ጠብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘሃራን ፊት ለፊት ተናገራት።

«ዕቃሽን አዘጋጂ።»

«አባ፣ ልጁ ነው የጮኸው...»

«ልጁን ማን ያስጮኸዋል? መምህሩ ማን ነው?»

እኔን አየችኝ። አባቴም አየኝ፣ እናቴም። አቀርቅሬ የጥጤን ፍሬ ማውጣት ጀመርኩ። በማግስቱ ጠዋት በጨርቅ የቋጠረችውን ልብሷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ እናቴን ስማ፣ ትንንሾቹን ስማ እኔ ጋ ስትደርስ አልሳመችኝም።

«ሰባት ጊዜ ስምንት?» አለችኝ።

ሳላስበው «ሃምሳ ስድስት» አልኳት።

«ታውቀዋለህኮ» አለችኝ። ፊቷን አዙራ ሄደች። በተከታዩ ዓመት ፈተናው ሲጠራ አክስታችን ሥራ በዝቷል ብላ አልለቀቀቻትም። ሁለት ዓመት ብርጭቆ አጠበች፤ ከዚያ አገባች። በመጀመሪያ ልጇ ወሊድ ሞተች። ልጁም አልተረፈም። ስለ ሞቷ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ከጋሪው ማግስት ፈቃድ ጠይቄ ቡሬ ሄድኩ። አባቴ አሁን አይሠራም። ዕቃው ተነቅሏል፣ ጉድጓዱ በአፈር ተደፍኗል፣ ፋጡማና ኑሩ ትምህርት ቤት ናቸው። ያ አንድ ክንድ ቦታ አንሶን የተናከስንበት ቤት እንደ አዳራሽ ሰፍቶ ድምፅ ያስተጋባል። እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩና፣ እየተደናቀፍኩም ቢሆን፣ ነገርኩት። ማባዣውን አውቀው እንደነበር፣ ለምን እንደጮህኩ፣ ዘሃራ ምንም እንዳላደረገች።

አባቴ እኔን ሳይሆን ወደ እኔ አካባቢ ያይ ነበር።

«በጩኸት የሚጠፋብኝ ቆጠራ መሰለህ?» አለ። «ገበያ መካከል ተቀምጬ እቆጥር የነበርኩ ሰው ነኝ። አንተ ስትጮኽ ቁጥሩ አልጠፋኝም። ዓይኔ ነው። ያን ክረምት ሁለቱ ክር አንድ፣ አንዱ ሁለት ይሆንብኝ ነበር።»

«ለዚህ ነው በሩ ይከፈት ይሉ የነበረው?»

«ለዚህ ነው።»

«እና ለምን አልተናገሩም? እሷኮ ትከፍትልዎ ነበር። ሜዳ ላይም ቢሆን ታስተምረን ነበር!»

«ዓይኑ ለደከመ ሸማኔ ማን ሥራ ያዛል? አንተ ስትጮኽ ምክንያት አገኘሁ።» ከዚያ እጁን ጉልበቴ ላይ ለማሳረፍ ዘረጋ፤ ፍራሹን ነው ያገኘው። «ለእናትህ እንዳትነግራት።»

አምስት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ብዬ ኖሬአለሁ። ግማሹ የእሱ መሆኑን ስሰማ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለለኝም። እጁን ከፍራሹ አንሥቼ ጭኑ ላይ መለስኩለትና በደጃፉ በኩል «እማ፣ ነይ እስቲ» ብዬ ተጣራሁ። አባቴ «ጀማል» አለኝ። አልሰማሁትም። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። መጀመሪያ የራሴን ነገርኳት፣ ቀጥሎ የሱን፤ እሱ ተቀምጦ እየሰማ። እናቴ እንደቆመች አዳመጠችኝ። አልጮኸችም።

«እኔኮ ነኝ ይቅርታ ያስጠየቅኋት» አለች። «በየበዓሉ አባትሽን ይቅርታ ጠይቂ እያልኩ ስለምናት፣ ስለምናት፤ ባለፈው ዒድ እሺ አለችኝ።»

ያን ዒድ አስታውሳለሁ። ዘሃራ ከገፋ ሆዷ ጋር ለመንበርከክ ተቸግራ የግድግዳውን ምሰሶ ተደግፋ ነበር ዝቅ ያለችው። የአባቴን ጉልበት ሳመችና «ስላበላሸሁብዎ ሸማ ይቅር ይበሉኝ፣ አባ» አለችው። አባቴ ራሷን ዳሰሰና «ይቅር ብዬሻለሁ» አላት። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ቴምር እበላ ነበር።