አስቴር የሠራችው እጅ

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ነርሷ እናቴ ከደሴ ወላይታ ውስጥ ወዳለችው ተበላ ተዛወረች፤ እኔም ልጆቹ በማላውቀው ቋንቋ የሚጫወቱበት ትምህርት ቤት ገባሁ። ወላይትኛ አልችልም፤ ሙቀቱንም አልለመድኩትም። በዕረፍት ሰዓት ብይ ሲጫወቱ ግድግዳ ተደግፌ አያለሁ። መጀመሪያ መጥታ «ሳሮ» ብላ ሰላም ያለችኝ አስቴር ናት። ሰላምታዋን ገና መልሼ ሳልጨርስ ያስከተለችው ጥያቄ ግን «እናትህ ነርስ ነው አይደል? ሲሪንጅ አለው?» የሚል ነበር።

አስቴር የአናጺው የጋሽ ማርቆስ ልጅ ናት። አባቷ በርና አልጋ የሚሠሩበት ቤት ገበያው ዳር ነበር። ገና ደጁ ላይ ስትደርስ የተላገ ዋንዛና የኮላ ሽታ ይቀበልሃል። ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ነበራት፤ የተበላሸ ቴፕ ሞተር፣ የሬዲዮ ሽቦ፣ የብስክሌት ራጂ፣ ያለቀ ባትሪ የታጨቀበት። ከመጽሐፍ የተገነጠለ አንድ ወረቀትም ነበራት። ፋብሪካ ውስጥ መኪና የሚያነሳ የሮቦት እጅ ሥዕል አለበት። ግማሹ ስለተቀደደ እጁ ከምን ጋር እንደተያያዘ አይታይም። እሷ እሱን ለመሥራት ወስናለች። የቴፑን ሞተር ሞክራው ደካማ ሆኖባታል። ሁለት ሲሪንጅ በቀጭን ቱቦ አገናኝቶ ውኃ ቢሞሉበት፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው እንደሚወጣ ግን አውቃለች።

እናቴን አንድ ሳምንት ለመንኳት። በመጨረሻ ጊዜያቸው ያለፈባቸው፣ ማሸጊያቸው ያልተከፈተ ስምንት ሲሪንጆች አመጣችልን። መርፌዎቻቸውን ራሷ ነቅላ አስቀረች፤ ከጉሉኮስ ቱቦም ጨመረችልን።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስንወጣ የምናመሸው እዚያው አባቷ ዘንድ ነበር። የምታስበው እሷ ናት። የኔ ሥራ መያዝ፣ ውኃ መቅዳትና ቱቦው ውስጥ የገባ አየር ማስወጣት ነበር። ወንበር ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎች አይተውን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ። ጋሽ ማርቆስ ግን የተቆረጠ ጣውላ በእግራቸው ወደ እኛ ገፋ ያደርጋሉ። እጁ የበቆሎ ቆረቆንዳ ከመሬት አንስቶ የያዘ ቀን እኔ ዘለልኩ። አስቴር አልዘለለችም። ቆረቆንዳውን መልሳ አስቀምጣ እንደገና አስነሳችው፤ ደግሞም አስነሳችው። ስሙንም ኩሺያ አለችው፤ በወላይትኛ እጅ ማለት ነው።

ግንቦት ላይ ሶዶ በተደረገው የሳይንስ ኤግዚቢሽን ትምህርት ቤታችን ሁለታችንን ላከን። ሚኒባስ ውስጥ ኩሺያን በእናቷ ሻሽ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች። ተራችን ሲደርስ አንድ ዳኛ ጎንበስ ብሎ «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ ጠየቃት። መልሱን አሳምራ ታውቀዋለች፤ አማርኛውን ግን ፈልጋ ማምጣት ነበረባት። አፏን ከፈት አድርጋ ቃሉን ስትፈልግ ዳኛው ወደኔ ዞረ። እኔም መለስኩ። መጀመሪያ «ሠራን» አልኩ። ሁለተኛውንም ጥያቄ «አደረግን» እያልኩ መለስኩ። ሦስተኛው ላይ «እንዲህ አደረግኩት» አልኩ። ስናገር ሰምቼዋለሁ፤ ግን አላረምኩትም።

ሁለተኛ ወጣን። የምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የኔ ስም ብቻ ነበር።

ስንመለስ ዳሞታ ተራራ ከኋላችን ቀረ። ከዚያ አስቴር በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች «አንተ አማርኛ ታውቃለህ። እኔ ኩሺያ አውቃለሁ» አለችኝ።

«ሰኞ ለርዕሰ መምህሩ እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

ሰኞ አልነገርኩም። ማክሰኞም አፈርኩ። ከዚያ ፈተና ደረሰ፤ ክረምቱን ደሴ አያቴ ዘንድ ከረምኩ። መስከረም ላይ ስመለስ አስቴር ከብስክሌት ራጂ በአራት እግር የሚራመድ ነገር ጀምራለች። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ቤታቸው ጠሩኝ፤ በላን፣ ተጫወትን። ስለ ምስክር ወረቀቱ አላነሳችም። እኔም ጊዜ ያለ መስሎኝ ዝም አልኩ።

ጥቅምት ላይ አንድ ሐሙስ ራሴን አመመኝ ብላ ከክፍል ወጣች። ተበላ ውስጥ ወባ ያልያዘው ልጅ አልነበረም፤ እኔንም ሁለቴ ይዞኛል። ማንም አልደነገጠም። ቅዳሜ ጠዋት ጤና ጣቢያ እናቴ ዘንድ ስትመጣ ግን አባቷ አዝለዋት ነበር። እናቴ መድኃኒት ጀመረችላትና በዚያው ሰዓት ወደ ሶዶ ላከቻት። እሑድ ማለዳ አስቴር ሞተች። እናቴ ወሬውን ሰምታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ልጅቷ አርፋለች» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን የምስክር ወረቀቱን ደብተሬ ውስጥ ከትቼ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ማርቆስን ከድንኳኑ ጀርባ ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ኩሺያን እኔ አልሠራሁትም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ነግራኛለች።»

«ምን አለች?»

«አልዋሽህም፣ ያን ቀን አልቅሳለች» አሉ። «ማግስቱን ‹እሱ ጓደኛዬ ነው› አለች። ሁለቱንም አድርጋለች።»

ወረቀቱን ተቀብለው አዩትና ከኪሳቸው የአናጺ እርሳስ አውጥተው ሰጡኝ። «ጻፍ» አሉኝ። ከስሜ በላይ «አስቴር ማርቆስ» ብዬ ጻፍኩ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለጻፍኩ ፊደሉ ተጣመመ። እንዳለ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ዛሬ ሶዶ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በኛ ጊዜ ሮቦት የተቀደደ ወረቀት ላይ ያለ ሥዕል ነበር። አሁን ተማሪዎቼ ሰርኪዩቱንና ሴንሰሩን ከአዲስ አበባ ያስልካሉ፤ ሲጠፋቸው ስልካቸው ላይ ቪዲዮ ያያሉ። ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴም ይከፋኛል።

ተበላ በሄድኩ ቁጥር ጋሽ ማርቆስን ሳልጠይቅ አልመለስም። አርጅተዋል፤ መጋዝም አይዙም። ባለፈው ስሄድ አንድ ተማሪዬ የሠራውን፣ መንገድ እያየ በራሱ የሚታጠፍ ትንሽ መኪና በስልኬ አሳየኋቸው። ደጋግመው አዩትና «እሷ ይህን ታውቀው ነበር?» አሉኝ።

ልዋሻቸው አልፈለግኩም። «አታውቀውም ነበር ጋሼ። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ አልነበረም። ግን በአንድ ሳምንት ትማረው ነበር።»

ስልኩን መለሱልኝና ወደ መንገዱ አዩ።

«ሳምንትማ ለእሷ ብዙ ነው» አሉ።