ጉብታ የመሰሉኝ ጉድጓዶች

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የከሰዓቱ ጊዜ አልገፋ አለኝ። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ብቻዬን ስቀመጥ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን ለተማሪዎቼ ሥዕል ስፈልግ፣ ማርስን የምትዞር መንኮራኩር ያነሳቻቸው ፎቶግራፎች ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ሆነው አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ ባለ ቀን አንድ ሁለቱን አወርድና እያጎላሁ ከጥግ እስከ ጥግ እፈትሻለሁ። ለየት ያለ ነገር ነበር የምፈልገው፤ ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።

ከወራት በኋላ አገኘሁ። በሜዳው ላይ በገመድ ተለክተው የተደረደሩ የሚመስሉ አሥራ አንድ ክብ ጉብታዎች! በማግሥቱ ለተማሪዎቼ አሳይቼ፣ «ከእኔ በፊት ማንም አይቷቸው ላያውቅ ይችላል» አልኩ።

በዚያው ሳምንት፣ ከከተማችን ወጣ ካለችው ከሶፊ፣ አንድ ገበሬ እቤቴ መጡ። ሸዋ በር ገበያ ድንችና ሽንኩርት ሸጠው ሲጨርሱ ባዶ ጆንያቸውን ግቢያችን ማኖር የጀመሩት ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ጆንያውን ሰበብ አድርገው እኔን ይጠይቁኛል። ኮምፒውተሩን አዞርኩላቸው።

«ይሄ የየት አገር መሬት ነው?»

«የዚህ ዓለም አይደለም፣ አባባ። ማርስ የምትባል ሌላ ፕላኔት ናት። ጉብታዎቹን አዩዋቸው?»

«ሱብሃነላህ!» አሉና ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። «ፀሐይዋ በየት በኩል ናት?»

ከፎቶው ሥር የተጻፈውን አነበብኩ። «በግራ።»

«ጉብታ ቢሆን ጥላው በቀኝ ይወድቅ ነበር። ይኸው፣ ጥላው በግራ ነው። ልጄ፣ ይሄ ጉድጓድ ነው። መሬቱ ከሥር ባዶ ሆኖ በተርታ ሰምጧል።»

ደግሜ ሳየው ጉብታዎቹ ዓይኔ እያየ ወደ ውስጥ ገቡ። አፈርኩ። «እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«እኛ ማሳ ላይም አለ» አሉ። «ከከባድ ዝናብ በኋላ ነው። የልጆቼ እናት ሣር ልታጭድ ወጥታ መሬቱ ከእግሯ ሥር ከዳት። ሬሳዋን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ስንት ዓመት ሲመላለሱ ሚስታቸው መሞቷን እንጂ አሟሟቷን አልነገሩንም። «አላህ ይማራት» አልኩ። «አሚን» አሉ።

ሰኞ ክፍል ገብቼ መሳሳቴን ለተማሪዎቼ ተናገርኩ። ፎቶውን ለሚያጠኑት ሳይንቲስቶችም ጻፍኩ፤ ምስጋናቸውን አስቀድመው፣ ጉድጓዶቹ ድሮም የታወቁና የተመዘገቡ መሆናቸውን በአጭሩ መለሱልኝ። ያሰብኩትን ያህል አላዘንኩም።

ይልቅ ቅዳሜ ማለዳ ሶፊ ወረድኩ። ገበሬው እንደተቀጣጠርነው መንገድ ላይ ጠብቀው ወሰዱኝ። ማሳው ጥግ አምስት ጉድጓዶች በመስመር ተቀምጠዋል፤ ዙሪያቸውን በእሾህ አጥረውታል። የትልቁ ጉድጓድ አፍ ላይ ሣር በቅሏል። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኔም በአጠገባቸው አማተብኩ።

«ባለቤትሽስ ሲሞት አጠገቡ ነበርሽ?» አሉኝ።

ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። «አልነበርኩም» አልኩ፤ «ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነበር።» ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያን ቀን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ፀሐይዋ እስክትከር ድረስ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።