ከቅመሟ የታጠበችው ዶሮ

"ልጄ፣ ዶሮዋን አጥቤልሻለሁ!" አሉኝ አማቴ፣ ገና ከሥራ ገብቼ ቦርሳዬን ሳላወርድ።

ዶሮዋ እኮ ከትናንት ጀምሮ በእርጎ፣ በእርድና እህቴ ከአዲስ አበባ በላከችልኝ የህንድ ቅመም ታሽታ ኦቨን የምትጠብቅ ነበረች።

አማቴ አሥራ ሁለት ብልት አውጥተው፣ በሎሚና በጨው ሰባት ጊዜ አጥበዋታል። እኛ ከተማ ራቤል፣ ዶሮ ካልነጣ ታጥቧል አይባልም። ለሳምንት ያጠራቀምኩት ሁለት ጀሪካን ውኃም አብሮ አለቀ።

ለመናደድ እንኳን አቅም አጣሁ። ወንበሩ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

"ደክሞሽ ሳታጥቢያት የተኛሽ መስሎኝ እኮ ነው" አሉኝ ቀስ ብለው።

በዚህ ሳምንት መድከሜን ያየልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ጨው ነስንሼ ኦቨን ውስጥ ከተትኳት፤ አብረን በላናት።

እናንተስ ቤት፣ አዝኖላችሁ ልፋታችሁን ያጠበባችሁ ሰው አለ?