አባቴ ያገቧት ግብ

ስለ ኳስ ብዙ አስተያየት አለኝ፤ ማንም ባይጠይቀኝም እናገራለሁ። ኳሱን ይዞ እዚያው በዚያው የሚሽከረከር ተጫዋች አልወድም፤ ለዓይን ያምራል እንጂ ግብ አይሆንም። በረኛን ግን አከብራለሁ። ዘጠኝ አድኖ አንዷ ብታመልጠው ሲወራ የሚያመሸው ስለ አንዷ ነው፤ ቤት የምታስተዳድር ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች። ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ሌላ ቡድን የሚይዝ ሰው ደግሞ ደጄን ባይረግጥ ደስ ይለኛል።

ይህን ያወቅሁት ተምሬ አይደለም። ፊደልን የለየሁት ታናሽ ወንድሜ ሲያጠና አጠገቡ ተቀምጬ ምስር እየለቀምሁ ነው። ኳስን ያወቅሁት ደግሞ ላይ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ፣ በአንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ባሌ ልብስ ሰፊ ነበርና የስፌት መኪናውን የሚዘረጋው እዚያ ነው። እሑድ እሑድ ነጋዴው ራዲዮኑን ከፍ አድርጎ የአዲስ አበባን ጨዋታ ያሰማናል። እኔም ለባሌ ምሳ ላደርስ ሄጄ ጨዋታው ሳያልቅ አልመለስም። ተጫዋቾቹን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። አንዱን ቡድን የያዝሁት ደጋግሞ ሲሸነፍ ሰምቼ አዝኜለት ነው፤ አንዴ ካዘንሁለት በኋላ መተው አቃተኝ።

የልቤ ቡድን ግን የከተማችን ትምህርት ቤት ቡድን ነበር። ወንድሜ እኔ ቤት ተቀምጦ ሰባተኛ ክፍል ይማራል፤ አጥቂም እሱ ነው። መለያቸውን ከአቡጀዲ ሰፍቶ ቁጥሩን በቀይ ጨርቅ የለጠፈላቸው ባሌ ነው። የወንድሜን ሰባት ቁጥር ገልብጦ ስለሰፋው አንድ ወር ሙሉ አኩርፌው ነበር።

በአንድ ግንቦት መባቻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አባቴ ከገጠር መጡ። አህያዋን ባዶዋን እየነዱ ነው የመጡት። ሁልጊዜ ገብስ ወይም ባቄላ ጭነው ነው የሚመጡት፤ ባዶዋን ሳያት ነገሩ ገባኝ። የወንድሜን መኝታና ደብተር ሊጭኑ ነው።

«ታላቅ ወንድሙ ጎጆ ወጥቷል» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «እኔ ብቻዬን እስከ መቼ ሞፈር ልያዝ? የእርሻው ጊዜ ደረሰ። ዛሬውኑ ይዤው እገባለሁ።»

«አባዬ፣ ትምህርቱ ሊያልቅ እኮ ሁለት ወር አልቀረውም።»

«ሁለት ወር ካለፈማ ዘሩም አለፈ።»

ወንድሜ ጓዳ ሆኖ ይሰማል። ትምህርቱን እንደ ዓይኑ ነበር የሚያየው፤ አንዴ ከወጣ እንደማይመለስ እሱም እኔም እናውቃለን። ከሰፈራችን ለዘንድሮ ብቻ ተብለው ወደ እርሻ ከተመለሱት ልጆች አንድም ተመልሶ የመጣ አልነበረም።

«ዛሬ ጨዋታ አለበት» አልኋቸው። «የታች ጋይንት ልጆች ከአርብ ገበያ ድረስ በእግራቸው መጥተውበታል። ይጫወትና እኔው ራሴ እጭንልዎታለሁ።»

«ጨዋታ የሕፃን ነው።»

«እርስዎስ በልደት?»

«እሱ ገና ነዋ። ገና ሌላ ነው።»

አባቴ በገና ጨዋታ የታወቁ ነበሩ። በልደት ዕለት የላይና የታች ሰፈር ወንዶች ቆልማማ በትር ይዘው ጥንጓን፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ ሲያሳድዱ፣ አባቴ ያሉበት ሰፈር ተሸንፎ አያውቅም ይባላል። ይባላል ያልሁት የሚሉት እሳቸው ስለሆኑ ነው። ቢሆንም እንግዶች ሜዳ ቆመው እየጠበቁ ልጁን መንጠቅ ነውር መስሎ ታያቸውና እሺ አሉ።

ሜዳው ዳር ቆመን አስረዳኋቸው። «ያ ጫፍ የታቾች ነው። ኳሷ በነዚያ ሁለት ቋሚዎች መካከል ስትገባ ለእኛ ይቆጠራል። ይህኛው ጫፍ የኛ ነው፤ እዚህ ከገባች ለነሱ ነው።»

«እንደ ገና ነዋ።»

«አዎ፣ እንደ ገና ነው» አልሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የጀመረውም እዚህ ላይ ነው።

«አሥራ አንድ ብቻ? ይህ ሁሉ ወንድ ቆሞ ምን ይሠራል?»

«ያያል።»

«እጁን አጣጥፎ?»

አባቴ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከታቾች ግብ ኋላ ሄደው ቆሙ፤ ልጃቸው የሚያጠቃው ወደዚያ ነውና። እኔ ከሴቶቹ ጋር ማዶ ቀረሁ። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አለቀ። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ለጥቂት ሳተ፤ በሳተ ቁጥር አባቴ መሬቱን በዱላ ሲመቱት አያለሁ። ጨዋታው ገብቷቸዋል ማለት ነው፤ ደስ አለኝ።

በእረፍቱ አባቴ አህያዋን ሊያዩ ሄዱ። በገመዷ ተጠላልፋ ኖሮ ሲፈቱ ቆዩ። ተመልሰው ከዚያችው ግብ ኋላ ሲቆሙ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል። ቡድኖቹ ጫፍ እንደተለዋወጡ አላዩም፤ እኔም አልነገርኋቸውም። በራዲዮ ስሰማው ስለኖርሁ እንደ ፀሐይ መውጣት የታወቀ ነገር መስሎኝ ነበር።

አንዱ የታች ልጅ አክርሮ መታ። በረኛችን በጣቱ ጫፍ ነካት። ኳሷ ፍጥነቷ በርዶ ተንከባለለች፣ ተንከባለለችና ሌሊት የዘነበው ጭቃ ይዟት መስመሩ ላይ ቆመች። በረኛችን ወድቋል። አባቴ ግን አልወደቁም። ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ገቡና፣ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ጥንግ አንድ ጊዜ አሳረፉባት። ኳሷ ገባች። አባቴ ዱላቸውን ወደ ሰማይ አነሡ።

ዳኛው የትምህርት ቤታችን አስተማሪ፣ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነበር። ፊሽካውን ነፍቶ፣ «ይህ አይቆጠርም፤ የመታው ተመልካች ነው» አለ።

«ማነው ተመልካቹ?» አሉ አባቴ። «የላይ ጋይንት ሰው ነኝ፣ ልጄም እዚህ ውስጥ አለ። በትር ይዤ ቆሜ እንዴት ተመልካች እሆናለሁ? ገብታለች።»

«አባታችን፣ ይተዉ» አሉ የኛ ልጆች ከዚህም ከዚያም።

«ምን ተዉ ትሉኛላችሁ? አትፈሩ። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ የገባውን ካልገባው ስለይ ኖሬአለሁ። ገብታለች፤ ቅዱስ ሚካኤል ምስክሬ ነው።»

የታቾች አምበል አንድ ቀጭን ልጅ ነበር። ቀረብ ብሎ እጅ ነሣ። «ጋሼ ዳኛ፣ ሽማግሌ ምለው እየመሰከሩ እኛ ልጆች ምን እንላለን? ይቆጠር።»

«አያችሁ?» አሉ አባቴ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ባላጋራ እንኳ አመነ። ጨዋ ልጅ ነህ፤ የማን ልጅ ነህ?»

ዳኛው በሽማግሌ መሐላ ላይ መፍረድ ከበደው መሰለኝ፣ ወደ መሐል አመለከተ። ተቆጠረ። ያን ጊዜ ወንድሜ ከማዶ እያለከለከ ደረሰ።

«አባዬ፣ ለማን እንዳገቡ ያውቃሉ?»

«ለኛ ነዋ።»

«ከእረፍት በኋላ ጫፍ ተለዋውጠናል። ይህ የኛ ግብ ነው።»

አባቴ ግቡን አዩ፤ በረኛውን አዩ፤ ሰባት ቁጥሩን አዩ። «አገር ይለዋወጣል እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

ዳኛው አዘነላቸው። «አባታችን፣ ተሳስቻለሁ ይበሉና ይሰረዝ።»

አባቴ ብዙ አሰቡ። «ገብታለች ብዬ ምያለሁ፤ ገብታለችም» አሉ። «የማልሁትን ላፍርስ?» ጋቢያቸውን ከጭቃ አንሥተው ከሜዳው ወጡ። ያች ግብ ብቻ ሆነችና አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። የታች ልጆች ወደ ማደሪያቸው ሲሄዱ እንዲህ እያሉ ነበር፦

የላይ ሽማግሌ ደግ ናቸው ደግ፣
በዱላ ያቀብላሉ እንግዳ ሲፈልግ።

እውነቱን ልናገርና ግጥሙ ጥሩ ነበር። ከአባቴ ጎን እየሄድሁ ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን ዋጥሁት።

ቤት ስንገባ ሳቁ ጠፋ። ወንድሜ ደብተሮቹን ደራርቦ በገመድ ያስር ጀመር። እኔ ቁርበቱን ጠቀለልሁ። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

«እናንተ ሰዎች፣ ይህ ነገር መልስ የለውም?» አሉ።

«አለው» አለ ወንድሜ። «ሰኔ ላይ ለመልሱ ጨዋታ እኛ አርብ ገበያ እንሄዳለን።»

«በአንተ ቦታ ማን ይገባል?»

«ማንም። ሌላ አጥቂ የለንም።»

አባቴ ቋጠሮውን አዩት። «እኔ አገባሁባችሁ፤ አሁን ደግሞ የሚያገባላችሁን ይዤ ልሂድ?» አሉ። «ለመጪው ልደት ሜዳ ላይ ምን ብለው እንደሚዘፍኑብኝ ይታየኛል። እስከ ሰኔ ይቆይ። ፍታው።»

«እርሻውስ?» አልሁ። ይህ አፌ።

«ወንፈል እገባለሁ። ጎረቤት አለኝ። አንቺ ግን ዝም በይ።»

ሰኔ ላይ አባቴ በዝናብ አርብ ገበያ ድረስ መጡ፤ ዱላቸውን ለእኔ አስይዘው ራቅ ብለው ቆሙ። ያን ቀን ወንድሜ አንድ አገባ፤ እነሱም አንድ አገቡ፤ በዚያው አለቀ።

«ማን አሸነፈ?» ብለው ጠየቁኝ አባቴ።

«አቻ ነው፤ እኩል ለእኩል።»

«እኩልማ ካላለቀ ነው። የገና ጨዋታስ አንዱ እስኪያገባ መቼ ያልቅና?»

ማለቁን አሳምሬ አውቃለሁ። ያለፈችው ግብ ስትደመር መሸነፋችንንም አውቃለሁ። ይህን ጨዋታ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ከዚያ ሜዳ ላይ ብዙ ሰው አልነበረም። ወንድሜን አየሁት፤ እሱም አየኝ።

«አዎ አባዬ፣ አላለቀም» አልሁ። «ለከርሞ ይተላለፋል።»

ኳስ ወዳድ ሁሉ አቻን ይጠላል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ክፉ ቃል ተናግሬው አላውቅም።

አባቴ ዝናቡን ከፊታቸው ጠረጉና፣ «እንግዲያ ክረምቱን ከእኔ ጋር ታርማለህ» አሉት። «መስከረም ሲጠባ ወደ ትምህርትህ። እነዚህን ልጆች በእንጥልጥል አትተዋቸውም።»

«እሺ አባዬ» አለ ወንድሜ። ጨዋታውን ሙሉ ሲሮጥ ያልደከመው ልጅ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።